ጉልበተኝነትንና ጭፍን ፍረጃን በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ መግታት፤ የሦስት ዘዴዎች ሂስ

በትምህርት ቤት ግቢ የሚደርስ በደል ሁሉ ጉልበተኝነት አይባልም። እኩዮች ተጋጭተው ቢደባደቡ ድርጊቱ ጠብ ነው፤ ጠብም በእርቅ ሊያበቃ ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳን ኦልቬዩስ ጉልበተኝነትን ከጠብ የለየው በሦስት ምልክቶች ነው። እነዚህም ድርጊቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል መበላለጥ መኖሩ ናቸው። ጭፍን ፍረጃ ደግሞ አንድን ሰው በራሱ ሥራና ጠባይ ሳይሆን በወገኑ፣ በጾታው፣ በአካሉ ወይም በወላጆቹ ሙያ መመዘን ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ሥፍራ ግልጽ ነው። ፍረጃ ለጉልበተኛው ሰበብ ያቀብለዋል፤ ዳር ቆሞ የሚመለከተውንም ተማሪ «የእጁን ነው ያገኘው» አሰኝቶ ዝም ያሰኘዋል።

ጉዳዩ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚከብድበት ምክንያት አለ። ተማሪው በዚህ ዕድሜ ከወላጅ አስተያየት ይልቅ የእኩያውን ፍርድ ይፈራል። ከዚህም በላይ በየክፍለ ጊዜው መምህር ስለሚለዋወጥ፣ የአንዱን ልጅ የጠዋትና የከሰዓት ሁኔታ አያይዞ የሚያስተውል ሰው ይጠፋል። በመሆኑም ለደረጃው የሚመረጠው ዘዴ በጥንቃቄ መመዘን ይኖርበታል።

ከሚታወቁት ዘዴዎች ስሙ የገነነው የጄን ኤልየት ሙከራ ነው። ኤልየት በአሜሪካ አዮዋ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በራይስቪል ከተማ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግሥት ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ለሁለት ከፈለች፤ አንዱን ወገን የበላይ፣ ሌላውን የበታች አድርጋ ሰየመች፤ ቆየት ብላም ተራውን ገለበጠችው። ሙከራው ሲደገም ተቀርጾ በ1970 በቴሌቪዥን የታየው ፊልም እንደሚያሳየው፣ የበታች የተባሉት ልጆች በዚያው ዕለት ንባባቸው ሳይቀር ተዳክሟል።

የሙከራው ጥንካሬ ፍረጃ ከአየር ላይ ሊፈጠር እንደሚችል ማሳየቱ ነው። ሆኖም እንደ ማስተማሪያ ሲመረመር ከባድ ጉድለት ይገኝበታል። በክፍሉ ውስጥ ያለችው ዋና ጉልበተኛ መምህርቷ ራሷ ናት፤ ልጆቹም የታዘዙት እርሷን ነው። ተማሪው የውርደትን ስሜት ይቀምሳል፤ ጓደኛው በሚዋረድበት ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አይለማመድም። ከዚህም ሌላ፣ በዓይን ቀለም የሚደረገው ልዩነት ተራው ሲገለበጥ ያበቃል፤ በሠፈሩ ዘወትር የሚናቅ ልጅ ግን ተራ አይደርሰውም። እንዲህ ያለውን ልጅ ለትምህርት ሲባል እንደ ገና ማዋረድ ቁስሉን መነካካት ይሆናል።

ሁለተኛው ዘዴ የኦልቬዩስ ነው። በ1982 መጨረሻ ላይ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች ከእኩዮቻቸው ግፍ ጋር በተያያዘ ሁኔታ ሕይወታቸውን በማጥፋታቸው፣ በ1983 ሀገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ኦልቬዩስ በበርገን ከተማ ወደ 2,500 የሚጠጉ ተማሪዎችን ተከታትሎ፣ ጉልበተኝነት በግማሽ ያህል መቀነሱን ገለጸ። የዘዴው መሠረት መላው ትምህርት ቤት ነው። ስም በማይጻፍበት መጠይቅ ችግሩን መለካት፣ በዕረፍት ሰዓት ግቢውን መጠበቅ፣ በየክፍሉ ጥቂት ግልጽ ደንቦችን ማውጣት፣ በየጊዜው የክፍል ውይይት ማካሄድና ከአጥቂውም ከተጠቂውም ወላጅ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ያው ዘመቻ በሮጋላንድ አውራጃ ሲገመገም እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። ለልዩነቱ በብዙዎች የሚሰጠው ምክንያት በበርገን ትምህርት ቤቶቹ የማያቋርጥ ድጋፍ ማግኘታቸው ነው። ለዕቅድ አውጪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጽሑፍ አሠራጭቶ መሄድ ሥራን መሥራት አይደለም። የኢትዮጵያም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ነገር ግን በአንጥረኛው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ላይ የሚሰነዘረው ቃል ከዐዋጁ በኋላ ለብዙ ትውልድ ዘለቀ። ክልከላ ያለ ትምህርትና ያለ ክትትል ሥር አይሰድም።

ሦስተኛው ዘዴ ኤልየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የጀመረው ነው። በዚያ ወቅት የተለያየ ዘር ያላቸው ተማሪዎች በአንድ ክፍል እንዲማሩ ተደርጎ ክፍሎቹ በጥላቻ ታምሰው ነበር። አሮንሰን ትምህርቱን ከፋፍሎ ለቡድኑ አባል ሁሉ አንዳንድ ቁራጭ ሰጠ፤ ማንም የጓደኛውን ድርሻ ሳይሰማ ትምህርቱን ሊያሟላ አልቻለም። ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ ከተሠራበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጋር ቢመሳሰልም በአንድ ዐቢይ ነጥብ ይለያል። በአንድ ለአምስት ጎበዙ ይመራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ስለዚህም የተናቀው ልጅ ተረጂ እንደ ሆነ ይቀራል። በአሮንሰን ዘዴ ግን የተናቀው ልጅ አስፈላጊ ይሆናል። ዘዴው ስለ ፍረጃ አንድም ስብከት ሳያሰማ ፍረጃን መሸርሸሩ ትልቁ ብልጫው ነው። በዕረፍት ሰዓት በቧንቧ ሰልፍ ላይ የሚደርሰውን ግፊያ ግን ሊያስቀር አይችልም።

እንግዲህ አንዱ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። የኦልቬዩስ ሥርዓት ግቢውን ሲጠብቅ፣ የአሮንሰን ሥርዓት ክፍሉን ይጠብቃል። ከኤልየት የሚወሰደው ጥያቄው እንጂ ሙከራው አይደለም። «እገሌ የበታች ነው ያለው ማን ነው? ምንስ አይቶ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም ሳያዋርድ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ለምሳሌ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረትና ምሳሌ ሲነሣ፣ ተማሪዎቹ አባባሉ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን ዝም እንደሚያሰኝና የሚያውቁት እውነት ይደግፈው እንደ ሆነ እንዲመረምሩ ማድረግ ነው።

በመጨረሻም መምህሩ ራሱን መመርመር አለበት። የረባሾችን ስም እንዲጽፍ የተሾመ የክፍል አለቃ፣ ሥልጣኑ ካልተገደበ፣ ለጓደኛ የሚምር ለደካማ የማይምር ጉልበተኛ ይሆናል። ተማሪን በቅጽል ስም የሚጠራ መምህር ያንኑ ስም ለክፍሉ ሁሉ ፈቅዷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ አርጩሜ ይዞ ስለ ጉልበተኝነት ክፋት የሚያስተምር ሰው ቃሉን በእጁ ያፈርሳል። ዕቅድ አውጪዎችም ለክፍል ኃላፊው መምህር በሳምንት የተወሰነ የውይይት ክፍለ ጊዜ፣ ለግቢ ጥበቃም ተራ ሊመድቡ ይገባል። ይህ ካልሆነ ሥራው በአንድ መምህር በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል፤ መምህሩም ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።