ለአሠሪ የተጻፈውን ለአሠሪ ማንበብ

ወንጌል ሊያስተምር ዐውደ ምሕረት ላይ የሚቆም ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ ምንባቡን መተርጎምና የተተረጎመውን ከሰሚው ኑሮ ጋር ማገናኘት። የመጀመሪያውን አባቶቻችን በአንድምታ ትርጓሜ አደላድለውልናል። ሁለተኛው ግን ለእያንዳንዱ ሰባኪ የተተወ በመሆኑ ብዙ ጊዜ «እንግዲህ እርስ በርሳችን እንዋደድ» በሚል ምክር ይዘጋል። በዚህ ምክር የሚቀየም የለም፤ ለይቶ የሚነካው ሰው ስለሌለ ሁሉም «አሜን» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቃሉን ከኑሮ ጋር የማገናኘት ሙያ ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ቃል በመጀመሪያ ለማን ተነገረ፣ ዛሬስ በዚያ ሰው ቦታ ያለው ማን ነው? ይህ ሲታወቅ ምክሩ ለዚያው ሰው፣ በእጁ ባለው ነገር ላይ፣ ሊያደርገው በሚችለው መጠን ይነገራል። ለማስረጃ በከተማ የምንኖር ክርስቲያኖች በየዕለቱ የምንፈተንበትን የቤት ሠራተኛ አያያዝ ልውሰድ።

የዚህ አሠራር መምህር መጥምቁ ዮሐንስ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ቀራጩ ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስብ፣ ወታደሩም ማንንም እንዳይቀማና ደመወዙ እንዲበቃው ነገራቸው። እያንዳንዱን የነካው በሥራው ላይ ኃጢአት በሚቀናው በኩል ነው፤ ቀራጩን በሒሳብ፣ ወታደሩን በጉልበት። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ጿሚዎችን ሲወቅስ በመጀመሪያ ያነሣባቸው በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ማስጨነቃቸውን ነው። ይህን ምዕራፍ በጾም ወራት ስንጠቅስ የተራበን ስለ ማብላት የሚናገረውን አጉልተን፣ ስለ ሠራተኛ የሚለውን ፈጥነን እናልፈዋለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በብዙ ቤት የጾሙን ወጥ የምትሠራው፣ ለሕፃናቱ የፍስኩን ለብቻ የምታበስለው፣ የሁለቱንም ድስት የምታጥበው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ይሆናል። ስለዚህ በዘወረደ ሳምንት ለአሠሪ የሚነገረው ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሥራ ይቀነስላት፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ትረፍ፣ ጾሙ ሲፈታ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ሰዓት ትብላ።

ደመወዝን በተመለከተ መጽሐፍ ቅዱስ አያወላውልም። ዘዳግም 24 የድሀ ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዝዛል። ዘሌዋውያን 19 በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ይከለክላል፤ ቅዱስ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተከለከለ የአጫጆች ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። ይህ ስለ ቀን ሠራተኛ ነው፣ በእኛ ዘመን ክፍያው በወር ነው የሚል ሰው ያልተሳሳተ ነገር ይናገራል። ነገር ግን ሕጉ ምክንያቱን አብሮ ነግሮናል፤ ሰውየው ድሀ ነው፣ ተስፋውም በዚያው ክፍያ ላይ ነው። ሰዓቱ የዚያ ዘመን ቢሆንም ምክንያቱ ዛሬም እንዳለ አለ። «እጇ ላይ ከገባ ታባክነዋለች፣ እኔ ጋ ይጠራቀምላት» የሚሉ አሠሪዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም በቅን ልብ ነው የሚሉት። እሷ ራሷ አደራ ብላ ከሆነ አደራውን መጠበቅ ደግ ነው። ሳትጠየቅ ሲሆን ግን ለወንድሟ ደብተር ወይም ለእናቷ መድኃኒት ልትልክ ስትፈልግ የገዛ ገንዘቧን ለምና ትቀበላለች። የተሰበረ ሰሃን ከደመወዝ መቁረጥም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። በስሟ የባንክ ደብተር ከፍቶ ወይም በቴሌብር በወሩ መጨረሻ ማስገባት ዛሬ ከባድ አይደለም። ሰባኪው ይህን ያህል ወርዶ ካልተናገረ የያዕቆብ ቃል ስለ ጥንት ባለጠጎች የሚተረክ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

የዕረፍቱም ትእዛዝ እንዲሁ ነው። ዘዳግም 5 አገልጋዩም አገልጋይቱም እንደ ቤቱ ጌታ እንዲያርፉ ሲያዝዝ፣ ጌታው በግብፅ ባሪያ እንደነበረ ያስታውሰዋል። ትእዛዙ ለእሱ የተነገረው ዕረፍት የመስጠት ሥልጣን በእጁ ስለሆነ ነው። ቤተሰቡ ነጠላውን ለብሶ ለእሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ልጅቷ ቁርስ ልታሰናዳ የምትቀር ከሆነ ቤተሰቡ ተራ ይግባ።

በዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የቆላስይስ መልእክት አጠቃቀም ነው። ምዕራፍ 3 ከቁጥር 22 ጀምሮ አገልጋዮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ ያስተምራል፤ ምዕራፉም በቁጥር 25 ያበቃል። የሐዋርያው ነገር ግን አላበቃም። በምዕራፍ 4 ቁጥር 1 ወደ ጌቶች ዞሮ፣ እነሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው እያሰቡ ለአገልጋዮቻቸው ጽድቅንና ቅንነትን እንዲያደርጉ ያዝዛል። ዛሬ የምናውቀው የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን የገባ ነው፤ ጳውሎስ በዚያ ቦታ አላቆመም። ምዕራፉ አለቀ ብሎ መጽሐፉን የሚያጥፍ ሰባኪ ለጌቶች የተጻፈውን አስቀርቶ ለአገልጋይ የተጻፈውን ብቻ አነበበ። ያነበበውም አሠሪዎች በተሰበሰቡበት፣ ሠራተኛዋ በሌለችበት ጉባኤ ነው። መልእክቱ የተጻፈው በባርነት ዘመን መሆኑም ክርክሩን አያላላውም፤ ለባሪያ ቅንነት ከተገባው በፈቃዷ ተቀጥራ ለምትሠራ ምን ያህል አይገባት!

አንዳንድ ወንድሞች ዐውደ ምሕረት የነፍስ ቦታ እንጂ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አይደለም ይላሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ወንጌል ወደ ደንብ ዝርዝር ከወረደ ጸጋው ይረሳል። ግን ያዕቆብ የደመወዙን ነገር የጻፈው ስለ ጌታ መምጣት በሚያስተምርበት ቦታ ነው፤ ሁለቱን አልለያየም። በዚያ ላይ በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ቅጥር ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። የሥራ ተቆጣጣሪ በማይገባበት ቤት የአሠሪው ኅሊና የሚሸከመው ብዙ ነው፤ ኅሊናን ማስተማር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። አሠሪዋ ራሷ በጠባብ ደመወዝ የምትኖር፣ ልጇን የሚይዝላት ካላገኘች ሥራዋን የምታጣ እናት ልትሆን ትችላለች የሚለው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ በቀላሉ መመለስም አይገባም። እሷን የማትችለውን እንድትከፍል መገሠጽ ጭካኔ ነው። ዮሐንስም ቀራጩን ሥራህን ተው አላለውም። ደመወዙ ትንሽ ቢሆን እንኳ በቀጠሮው ቀን መክፈል፣ በስሟ መጥራት፣ የማታ ትምህርት ሰዓቷን ማክበር በጠባብ ቤትም ይቻላል።

ልጆቻቸው ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ ለቤት ሥራ የሄዱባቸው ቤተሰቦች በየጉባኤው አሉ። ፓስፖርት መያዝ፣ ደመወዝ መከልከል፣ ስልክ መንጠቅ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም፤ ስለዚህ ትምህርቱን ከሌሎች ቀድመው የሚረዱት እነሱ ናቸው። ትምህርቱ ያለፈውንም መንካት አለበት። ዘኬዎስ ንስሓ ሲገባ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። የሁለት ወር ደመወዟ ሳይከፈላት ተጣልታ የወጣች ልጅ ካለች፣ ንስሓ አባት የሚጠይቀው መጀመሪያ ይህንኑ ይሁን፤ ስልኳ ቢጠፋ ያመጣት ደላላ ወይም የሰፈሯ ልጅ ያውቃታል፣ ፈልጎ መክፈል ይቻላል።