ሰማይ ያስቀረው ብርሃን

ይህን የአልትራቫዮሌት መብራት ሳላወድስ ማለፍ አልችልም! ኤሲ ውስጥ ይገጠማል፣ ይበራል፣ ብርሃኑ ባረፈበት ሻጋታ ድርሽ አይልም።

ቆሰበር ተቀምጬ ስለ ኤሲ ማውራቴ የሚገርመው ይኖራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ብርድ በገንዘቡ አይገዛም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚሁ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ ሄዶ ሄዶ የሚያደርሰው ጭው ያለ ቆላ ነው። እዚያ የሚሠሩ ዘመዶች አሉን፤ ለእነሱ ኤሲ ቅንጦት አይደለም።

ኤሲ ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው አየሩን በስስ የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል እያሳለፈ ነው። ክንፎቹ ስለሚቀዘቅዙ ውሃ ይቋጥራሉ፤ እርጥበቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል፤ ውስጡም ጨለማ ነው። ሻጋታ ከዚህ የሚበልጥ ምን ቤት ይፈልጋል? ማሽኑ ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ምንጩ ይኸው ነው።

እኛ እንዲህ ያለውን ሽታ ለማጥፋት ክረምቱ ሲወጣ ጋቢና ቡሉኳችንን ፀሐይ እናስመታለን። ብርሃን ባክቴሪያ እንዳይራባ እንደሚያግድ ዳውንስና ብለንት የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1877 በሙከራ አሳዩ። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን ደግሞ የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ከፀሐይ ጨረር ውስጥ ተህዋሲያንን አጥብቆ የሚገድለው ክፍል ምድር አይደርስም፤ ኦዞን እላይ ያስቀረዋል። አምፖሉ ያንን የቀረ ብርሃን ነው ቤታችን የሚያመጣልን! 254 ናኖሜትር የሆነው ጨረር የሻጋታውን ዲኤንኤ ያበላሻል፤ መራባት ያቅተዋል። ሽው ብሎ የሚያልፍ አየርን ለማጽዳት ብርቱ መብራት ያስፈልጋል፤ ክንፎቹ ግን የትም አይሄዱም። ስለዚህ ደካማ የሚመስል ብርሃን እንኳ ሌት ተቀን ሲያርፍባቸው ይበቃቸዋል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሞንትሪያል 3 የቢሮ ሕንፃዎች ይህንኑ ሞክሯል። ብርሃኑ ባረፈባቸው ገጾች ላይ ተህዋሲያኑ በ99 በመቶ ቀነሱ፤ ሠራተኞቹም መብራቱ በበራባቸው ሳምንታት ሕመማቸው ቀለል አለላቸው።

መብራቱ ግን አቧራ አይጠርግም፤ ፊልተር ማጠብ አይቀርም። ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ክዳኑ ሲከፈት በራሱ የሚጠፋውን ምረጡ፤ ኦዞን ከሚያመነጨው ራቁ። አምፖሉ እየበራም ኃይሉ ይደክማልና ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቀየር። ጉባ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ኤሲያችሁን በደንብ አሳጥባችሁ ይህን መብራት ዛሬውኑ አስገጥሙ!