የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት በሳሎን ግድግዳ ላይ

በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል የተቀመጠችው ጎንደር፣ ከነገሥታቱ ግንብ ቀጥሎ ለእንግዳ የምታሳየው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ ነው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በተከሉት በዚህ ደብር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከጣራው ወራጆች መካከል ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ ሆነው ወደ ታች ይመለከታሉ። እነዚህ ፊቶች ዛሬ ከደብሩ ወጥተው ወደ መኖሪያ ቤት ገብተዋል። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም በእጅ ተሥለው፣ በእንጨት ክፈፍ ተወጥረው ይሸጣሉ። ገዢው አገር ጎብኚ ወይም ከአገሩ ርቆ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይሆንና ከሳሎኑ ወንበር በላይ ይሰቅላቸዋል።

በዚህ ዓይነት ሥዕል ላይ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ግልባጭ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ነገር ግን ይህ ፍርድ በጎንደር ላይ ሲሰጥ ከአገሩ ታሪክ ጋር ይጋጫል፤ የጎንደር ሥዕል ከግልባጭ ብዙ የተማረ ነውና። በየቤተ ክርስቲያኑ የምትታየው ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ በተሻገሩት እጆቿና በያዘችው መሐረብ፣ በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ትወርዳለች፤ የዚያን ሥዕል ግልባጭ በየአገሩ ያሰራጩት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ በዐፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ሲባረሩ ሥዕሊቱ ግን ቀረች፤ ትምህርታቸውን ያልተቀበለ ሕዝብ ሥዕላቸውን የራሱ አደረገው። እንዲሁም በ1591 ዓ.ም. ገደማ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በውስጡ የያዛቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች፣ በጎንደር ዘመን በተጻፉ ወንጌሎች ውስጥ ተቀድተው ይገኛሉ።

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ነው። ይህ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ ሥዕል፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በኤውሮጳዊ ሠዓሊ እጅ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ይዘውት ይሄዱ ነበር። በ1744 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ሲሸነፉ በጠላት እጅ ወደቀ፤ ከዚያም በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። የጎንደር ሠዓሊዎች ይህን ሥዕል ደጋግመው ቀድተውታል፤ ሲቀዱት ግን የዘይቱን ቀለም አብረው አልቀዱም። ኤውሮጳዊው በቀስ በቀስ ጥላ ያለዘበውን ፊት እነርሱ በመስመር ከፈሉት፤ የእሾሁን ጫፍና የደሙን ጠብታ አንድ በአንድ እንዲቈጠር አድርገው ለዩት። ከቅጂዎቹም በአንዳንዶቹ፣ ዋናው ሥዕል የማያሳያቸውን፣ አክሊሉን በራሱ ላይ የሚመቱትን ሰዎች በግራና በቀኝ ጨመሩ። ይህን ያደረጉት ዋናውን ሥዕል ማየት ስላልቻሉ አይመስልም፤ የሥዕሉን ስም፣ ማለት ራሱ የተመታበትን ነገር፣ ለምእመኑ ለማሳየት ፈለጉ እንጂ።

የዛሬው የሳሎን ግልባጭ ይህንኑ መንገድ በተቃራኒው ይሄዳል። የጎንደር የግድግዳ ሥዕል በአብዛኛው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ቀለሙም የደረቀና የማያብረቀርቅ ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የመጣው፣ ሊቃውንት ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት፣ በፊትና በአንገት ዙሪያ ጥላ ቢጨምርም፣ ጥላው መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጌጥ ነው፤ ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን አያውቅም። መልአኩ የሚታየው ፀሐይ ወይም ሻማ ስላበራበት አይደለም፤ ብርሃኑ የራሱ ነው። በዘይት ቀለም የሚሠራው ግልባጭ ግን ቀለሙ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ አንዱን ቀለም በሌላው ውስጥ ማለዘብን ይጋብዛል፤ ሠዓሊውም ይህን ግብዣ አይመልስም። ጉንጩን ያድቦለቡለዋል፣ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ያኖራል፣ ከዓይኑ በታች ጥላ ይጥላል። ውጤቱ በአንድ በኩል መስኮት ያለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ፊት ነው። ያማረ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ኪሩብ ግን አይደለም። በላዩ ላይ ቫርኒሽ ሲቀባማ የሳሎኑን አምፖል መልሶ ያሳያል።

የመቍረጡም ነገር አለ። በጣራው ላይ ያሉት ፊቶች አንዱ ከሌላው ብዙ አይለይም፤ ኀይላቸው በብዛታቸውና በረድፋቸው ነው። የሚያይ ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ወደ የትም ቢዞር ከዓይናቸው አይወጣም። ከዚያ ውስጥ አንዱን ፊት ቈርጦ አውጥቶ በሰው ቁመት ልክ መስቀል፣ ከማኅሌት አንድ ድምፅ ለይቶ እንደ ማሰማት ነው። ስለዚህ ብዙ ፊቶችን በአንድ ረዥም ሸራ ላይ በረድፍ የሚያሰፍሩት ግልባጮች፣ እጃቸው ሻካራ ቢሆንም እንኳ፣ አንዱን ፊት አሳምረው ከሚሥሉት ይልቅ ወደ ጣራው ይቀርባሉ።

ግልባጭ ዋናውን ሊተካ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በጎንደር አንድ ጊዜ በተግባር ተፈትኖአል። በ1932 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የምርምር ጓድ በጎንደር ሳለ፣ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን የቆዩ ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታቸውም የጓዱ ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ አዲስ ግልባጭ ሥሎ ተካ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ነገሩን መዝግቦታል። የተወሰዱት ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ለጸሎት ከሆነ አዲሱ ሥዕል ከአሮጌው እኩል ያገለግላል ተብሎ ሊከራከሩ ይቻላል፤ በአገራችን ያረጀ ሥዕል በአዲስ መተካቱ እንግዳ ነገር አይደለምና። ክርክሩ ግን ከጓዱ አፍ ሲወጣ አይጸናም። ግልባጩ ከዋናው የማያንስ ከሆነ፣ ሩ የሣለውን ጠቅልለው ወደ ፓሪስ መውሰድና የአባ እንጦንዮስን በቦታው መተው ይችሉ ነበር። ጥናቱስ ቢሆን ከትክክለኛ ቅጂ ምን ይጐድልበት ነበር?

ኵርዓተ ርእሱም በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዷል። የወሰደው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ሲሆን፣ ለሙዚየሙም አላስረከበው፤ በራሱ ዘንድ አስቀመጠው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ዓ.ም. ሥዕሉ እንዲመለስላቸው ቢጠይቁ አልተገኘም የሚል መልስ ደረሳቸው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ዛሬ ግልባጭ ገዝቶ በቤቱ የሚሰቅል ሰው ከሆምዝ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ከማንም ግድግዳ ምንም አላጐደለም፣ ለሠዓሊውም የእጁን ዋጋ ከፍሎአል።

ይህ ንጽሕና የሚጠፋው ግልባጩ ያረጀ መስሎ ሲቀርብ ነው። አዲስ ብራና በጢስ ይጠቍራል፣ ጨርቁ በሻይ ይነከራል፣ ቀለሙ ተፍቆ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን ሥዕል የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ እጁ የተባ ነው፤ ጥፋቱ ከችሎታ ማነስ አይደለም። ጥፋቱ ገዢውን ከየትኛው ደብር ተነቀለ ወደሚል ሐሳብ መምራቱና ያንን ሐሳብ ደስ የሚያሰኝ ማድረጉ ነው። የተነቀለ የመሰለውን ዛሬ በደስታ የገዛ ሰው፣ ነገ በእውነት የተነቀለ ቢቀርብለት የሚያቅማማበት ምክንያት አይኖረውም።

በጎንደር ዘመን ሥዕል ያሠራ ሰው በሥዕሉ ውስጥ ራሱን ያሠፍር ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሥዕሉ ለማን እንደ ተሠራና በማን ገንዘብ እንደ ተሠራ የሚያይ ሁሉ ያውቃል። የሳሎኑ ግልባጭ በዚህ ነገር እጅግ ዝምተኛ ነው። ሸራውን ገልብጦ ለሚመለከት ሰው፣ ሥዕሉ ከየትኛው ደብር ከየትኛው ወገን እንደ ተቀዳ፣ ማን እንደ ሣለውና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተሣለ የሚጻፍበት ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ገዢም ጻፍልኝ ብሎ ሲጠይቅ አይሰማም።