የቀረው ሥራ በጓዳ ነው

የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ሰብሳቢዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ስም ነው። ግሬንጅ አለህ? ሂል ኦፍ ግሬስስ? የስንት ዓመተ ምሕረት? እኔ ግን ሜልበርን ውስጥ የራሴንም የሰውንም ወይን ሳስቀምጥ፣ ስከፍትና ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝና ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ጠርሙስ እስከ ዛሬ የት ኖረ? ጠማቂው ቡሹን ከከተተ በኋላ የእሱ ድርሻ ያበቃል። ረጅም ዕድሜ የታሰበለት ቀይ ወይን ግን በዚያች ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሠራው ያስቀመጠው ሰው ነው።

ይህን ከግሬንጅ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማክስ ሹበርት የፔንፎልድስ ኩባንያ ዋና ወይን ጠማቂ ነበር። በ1950 የሼሪ አሠራርን እንዲያጠና ወደ አውሮፓ ተላከ፤ በዚያው ቦርዶ ጎራ ብሎ አርባና ሃምሳ ዓመት የቆዩ ቀይ ወይኖችን ቀመሰ። ያን ጊዜ አውስትራሊያ ውስጥ በብዛት የሚጠመቀው አልኮል የተጨመረበት ጣፋጭ ወይን ነበር። ሹበርት አድላይድ ሲመለስ እንደ ቦርዶ ካበርኔ ልፈልግ አላለም። በአገሩ የተትረፈረፈውን ሺራዝ የተባለ የወይን ዝርያ ወሰደ፤ በፈረንሳይ ኦክ ፈንታም አዲስ የአሜሪካ ኦክ በርሜል ውስጥ አስገባው። የግሬንጅ የመጀመሪያው ሙከራ የ1951 ምርት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወይኑ ሲድኒ ላይ ለኩባንያው ኃላፊዎችና ለወይን አዋቂዎች ሲቀርብ የሚያመሰግነው አልተገኘም። ደረቅ ፖርት ይመስላል፣ ገዢም ጠጪም አይኖረውም ተባለ። በ1957 መኸሩ ሳይደርስ ሥራውን እንዲያቆም ታዘዘ። እሱ ግን አላቆመም። ከኃላፊዎቹ አንዱ የሆነው ጄፍሪ ፔንፎልድ ሃይላንድ ከለላ ሆኖት የ1957፣ የ1958 እና የ1959 ምርት ማጊል በሚገኘው የኩባንያው ጓዳ በድብቅ ተጠመቀ፤ ለአዲስ በርሜል ገንዘብ ስላልነበረ ያገለገለ በርሜል ውስጥ ገባ። በዚህ መካከል የቀድሞዎቹ ጠርሙሶች ተኝተው ነበር። እንደገና ተከፍተው ሲቀመሱ ያው የተነቀፈው ወይን ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ የ1960 ምርት ሳይጀመር እገዳው ተነሣ። ማንም ሰው በወይኑ ላይ የጨመረው ነገር አልነበረም። ጨለማና ብርድ ውስጥ ቆየ፣ በቃ። ሲድኒ ላይ ያጣጣሉት ሰዎች ምላሳቸው የደነዘዘ አይመስለኝም፤ የቀመሱት ያልደረሰ ወይን ነበር። ያልደረሰ ትልቅ ሺራዝ ደግሞ ዛሬም ቢሆን አፍ ያጨማትራል፣ የበርሜሉ እንጨት ከፍሬው ቀድሞ ይሸታል።

በቆይታ ውስጥ የሚሆነው ነገር ምትሃት አይደለም። ከወይኑ ቆዳና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ቀለም ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ጋር እየተያያዘ ይከብዳል፤ የከበደው ከጠርሙሱ ግርጌ አተላ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ አፍ የሚሰበስበው ኃይል ይለሰልሳል፣ ሐምራዊው ቀለም ወደ ጡብ ቀለም ይዞራል፣ ጥቁር እንጆሪ የሚሸተው ወደ ቴምር፣ ወደ ቆዳ፣ ወደ ትምባሆ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ኬሚስትሪ ነውና ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ችግሩ አዝጋሚው ለውጥና ፈጣኑ ለውጥ አንድ ዓይነት ጣዕም አለመስጠታቸው ነው። የተቻኮለ ወይን የተቀቀለ ፍሬ ይሆናል።

ሜልበርን በጋ ላይ 40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ፤ አድላይድም እንደዚያው። ብዙ ሰው ውድ ጠርሙሱን ወጥ ቤት ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ያሳያል። እንግዳ ያየዋል፣ ወይኑ ግን እየሞተ ነው። የሚያስፈልገው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ፣ ጨለማ የሆነ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ መጠነኛ እርጥበት ያለው ቦታ ነው። ከዲግሪው ይልቅ የምጠነቀቀው ግን ለመዋዠቁ ነው። ዓመቱን ሙሉ 17 ላይ ጸንቶ የኖረ ምድር ቤት ቀን 24 ሌሊት 12 ከሚሆን ጋራዥ እጅግ ይሻላል። ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና አየር ይስባል። ይህ ሲደጋገም ወይኑ ወደ ቡሹ ዳር ይሰርጋል፤ ከዚያ በኋላ ማዳኛ የለውም። ምድር ቤት የሌለው ሰው ለወይን የተሠራ ማቀዝቀዣ ይግዛ፤ ያም ካልሆነ ወይን የሚያስቀምጡ ድርጅቶች ዘንድ በኪራይ ያኑር። ለአንድ ጠርሙስ ብዙ መቶ ዶላር ከፍሎ ለማስቀመጫው መሰሰት ለእኔ አይገባኝም።

ከሁለተኛ እጅ ሲገዛ ደግሞ ዓይን ከምላስ ይቀድማል። የወይኑ ከፍታ ምን ያህል ወርዷል? ለ25 ዓመት ወይን ከአንገቱ ግርጌ ቢደርስ ተፈጥሯዊ ነው፤ ለ10 ዓመት ወይን ትከሻው መሃል ከደረሰ አንድ ነገር ደርሶበታል። ቡሹን የሸፈነው ቆብ በእጅ ሲነካ ይዞራል ወይስ ተጣብቋል? ከሥሩ ወይን አፈትልኮ ከደረቀ ቆቡ ይያዛል። የስያሜ ወረቀቱ በእርጥበት መቆሸሹ አያስፈራኝም፤ ጥሩ እርጥብ ጓዳ ውስጥ ለመኖሩ ምልክት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ወረቀትና የወረደ ከፍታ አብረው ሳይ ነው እጄን የምሰበስበው። ሻጩ ደረሰኙንና የቆየበትን ቦታ ካላሳየ ደግሞ ስሙ ምንም ቢሆን አልገዛም።

ፔንፎልድስ ራሱ ይህን ስለተረዳ ከ1991 ጀምሮ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ቀይ ወይኖቹን ባለቤቶቹ አምጥተው የሚያስመረምሩበት መርሐ ግብር ያካሂዳል። ከፍታው የወረደው ተከፍቶ ይቀመሳል፤ ጤነኛ ከሆነ ከአዲሱ ምርት ጥቂት ተሞልቶ፣ አዲስ ቡሽ ገብቶለት፣ ማረጋገጫ ተለጥፎበት ይመለሳል። ጠማቂው የሸጠውን ጠርሙስ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ተቀብሎ የአስቀማጩን ሥራ ሲመረምር ማየት ደስ ያሰኛል። የሆነ ሆኖ እኔ ያልተከፈተውን እመርጣለሁ፤ ሳይነካ በጥሩ ከፍታ የቆየ ጠርሙስ ከማንኛውም ማረጋገጫ የበለጠ ይናገራል።

ምን ይሰብሰብ ለሚለው የተለመደው መልስ የላንግተንስ ዝርዝር ነው። ይህ አጫራች ድርጅት ከ1990 ጀምሮ የአውስትራሊያን ወይኖች በጨረታ ባሳዩት ጽናት ደረጃ ያወጣል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚመዝነው የገዢዎችን ፍላጎት ስለሆነ ስሙ ያልጮኸ ጥሩ ወይን ዘግይቶ ይገባበታል። እኔ ከዝርዝሩ ይልቅ ግንዱን እጠይቃለሁ። ፊሎክሴራ የሚባለው ሥር አጥፊ ተባይ አውሮፓን ሲያወድምና ቪክቶሪያ ሲገባ ደቡብ አውስትራሊያን አልነካም። ስለዚህ ባሮሳ ውስጥ በ1843 የተተከለ ሺራዝ ዛሬም ያፈራል፤ የሄንሽኪ ቤተሰብ ሂል ኦፍ ግሬስን የሚጠምቅበት ማሳም በኤደን ሸለቆ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የቆመ ግንድ አለው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወይን ምርት ከገበያው በልጦ ሳለ መንግሥት ለሚነቅል ገበሬ ገንዘብ ከፍሎ ብዙ ሽማግሌ ግንድ አስነቅሏል። የተረፈው የተረፈው ጥቂት ቤተሰቦችና ጠማቂዎች ስላልለቀቁት ነው፤ የእነሱን ወይን ስገዛ ለዚያ ጽናት የምከፍል ይመስለኛል። ክሌር ሸለቆ ያለው ዌንዱሪ በ1890ዎቹ ከተተከለ ግንድ የሚጠምቀው ለተመዘገቡ ደንበኞቹ ነው፤ ወጣት ሳለ አስቸጋሪ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን ከምወዳቸው ሁሉ የምወደው ነው።

መቅመሱ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አፍንጫ ያልጠበቀው ዕድል አለው። የኩናዋራ ካበርኔ ሲቀዳ ጎረቤቶቼ ቃል ፍለጋ ሲቸገሩ እኛ ወዲያው ባሕር ዛፍ እንላለን፤ ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዚሁ ከአውስትራሊያ ሄዶ እንጦጦን የሸፈነ ነው። ሽታው ምናብ አይደለም። በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ሲኖር ዘይቱ በነፋስ ፍሬው ላይ ያርፋል፤ ቅጠሉና ልጣጩም ከመኸሩ ጋር ተለቅሞ መጥመቂያው ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ሰው እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። በልኩ ከሆነ ለእኔ የቦታው ፊርማ ነው፤ ፍሬውን ሲሸፍን ግን ጉድለት ነው። ቀዝቃዛ ከሆነው ከግራምፒያንስ ተራሮች የሚመጣ ሺራዝ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። በ2008 የአድላይድ ተመራማሪዎች ይህን ሽታ የሚሰጠውን ሮታንዶን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ እውነተኛው ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ጨርሶ አይሸተውም። ስለዚህ አብሯችሁ የሚቀምስ ሰው ምንም አልሸተተኝም ሲል አትከራከሩት።

አሮጌ ጠርሙስ ከመከፈቱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ተነሥቶ ይቁም፤ አተላው ከግርጌ ይስፈር። ቡሹ ከ25 ዓመት በላይ ከሆነው በተለመደው ጠመዝማዛ መክፈቻ ይፈረፈራልና ከጎንና ከጎን የሚገባው ባለ ሁለት ምላስ መክፈቻ ይሻላል። ከአንገቱ ሥር መብራት አድርጎ በዝግታ መገልበጥ፣ አተላው ትከሻው ላይ ሲደርስ ማቆም። ወጣቱን ሺራዝ ሁለት ሦስት ሰዓት አየር ላይ ብተወው ይጠቀማል፤ የ40 ዓመቱን ግን ገልብጬ ወዲያው እቀዳለሁ፤ መዓዛው በግማሽ ሰዓት ሊበተን ይችላል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል ማለት ነው፤ አየር አያድነውም። የሚጠመዘዘውን የብረት ክዳን የሚንቁ ሰብሳቢዎች ይህን ኪሳራ ማስታወስ አለባቸው፤ እኔ ምርጫ ካለኝ ዛሬ የሚገዛውን በክዳን የታሸገውን እወስዳለሁ።

ከምግባችን ጋር ስለማዛመድም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ትልቅ ሺራዝ ከዶሮ ወጥ ጋር አይቅረብ። አልኮሉና ታኒኑ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሳሉ፣ በርበሬውም የወይኑን ፍሬ ያጠፋዋል። ሮዝመሪ የገባበት ሚጥሚጣ የሌለው የበግ ጥብስ ግን ከአሮጌ ባሮሳ ጋር የተወለደ ይመስላል።

አንድ ጠርሙስ ብቻ መግዛት አልመክርም። ገንዘቡ ከፈቀደ ስድስት፣ ካልፈቀደ ከዝነኛው አንድ ፈንታ ከታችኛው ደረጃ ስድስት። የመጀመሪያው በአምስተኛው ዓመት ይከፈታል፣ የተቀመሰው በደብተር ይጻፋል፤ ሁለተኛው መቼ እንደሚከፈት የሚናገረው ያ ማስታወሻ ነው እንጂ የሃያሲ ነጥብ አይደለም። ደንበኞቼ አንዷን የቀረቻቸውን ጠርሙስ ይዘው ልጠብቅ ወይስ ልክፈት ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው። ቀድሞ የተከፈተ ወይን በአየርና በሥጋ ይለሰልሳል፤ ፍሬው ያለቀበትን ግን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ተጠራጥሬ ካሰላሰልኩ እከፍታለሁ።