ከባንኮኒው ጀርባ፦ የዞላ ልብ ወለድ እንደገና ሲነበብ

በሥራ ቦታ የሚነሣ ፍቅርን የሚተርኩ የቆዩ ልብ ወለዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በአንድ ዐምድ ላይ ነው። ይኸውም አሠሪው ሠራተኛዪቱን ይወዳል፤ እርስዋም በመጨረሻ እመቤት ትሆናለች። እነዚህን መጻሕፍት አንዱ አንባቢ «ጊዜ ያለፈበት አስተሳሰብ» ብሎ ይጥላቸዋል፤ ሌላው «የዘመኑ ልማድ ነበር» ብሎ ያልፋቸዋል። ሁለቱም ግን ከመመርመር ይሸሻሉ። ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመው «ኦ ቦኖር ዴ ዳም» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በፓሪስ በሚገኝ ግዙፍ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት መደብር ውስጥ ነው። ዴኒዝ ቦዱ ወላጆችዋን አጥታ፣ ሁለት ወንድሞችዋን ይዛ ከገጠር የመጣች ሻጭ ናት። ኦክታቭ ሙሬ የመደብሩ ባለቤት ነው። ዞላ «ቦን ማርሼ»ን የመሳሰሉ መደብሮችን እየጎበኘ ማስታወሻ ይዞ ነበርና የሥራውን ዓለም አሳምሮ ሥሎታል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል፣ በጣሪያ ሥር ያሉት ጠባብ መኝታ ክፍሎች፣ የሽያጭ ኮሚሽን የሚቀሰቅሰው ሽኩቻ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚመጣው የጅምላ ስንብት ሁሉ በዝርዝር ቀርበዋል።

የድርሰቱ ደካማ ጎን የሚገለጠው ሙሬ ዴኒዝን ለእራት ሲጋብዛት ነው። የግብዣውን ትርጉም የመደብሩ ሻጮች ያውቁታል። ዴኒዝ እምቢ ትላለች። ከዚያ በኋላ ግን ትረካው የአንባቢውን ርኅራኄ ወደ ሙሬ እያዘነበለ ይሄዳል፤ ሁሉን በገንዘቡ የገዛ ሰው አንዲትን ሴት መግዛት ስለ ተሳነው ይታዘንለታል። እንጀራዋን በእጁ ለያዘ ሰው እምቢ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ የዚያን ያህል አልተመዘነም።

በዴኒዝ ጥረት የቀዝቃዛው ወቅት ስንብት በዕረፍት ይተካል፤ የመረዳጃ ማኅበርም ይቋቋማል። እርስዋ የምትከራከረው ግን ማሻሻያው ለባለቤቱ እንደሚጠቅም እያስረዳች ነው፤ ክርክሯም የሚደመጠው ስለ ተወደደች ነው። ስለዚህ የሠራተኞቹ ደኅንነት መብት ሳይሆን የአንድ ሰው የፍቅር ትሩፋት ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትንና ትንኮሳን የሚመለከተውን 190ኛውን ስምምነት ካጸደቀ በኋላ ይህ ጉድለት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ መጣል አይገባውም። መምህሩ ለተማሪዎቹ፣ የቲያትር ባለሙያውም ለተመልካቹ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፦ ሙሬ ያላፈቀራቸው ሻጮች ዕጣ ምንድን ነው? ለጥቂት ጊዜ ወዶ የተዋት ክላራ አለች፤ በአንድ ቃል ከሥራ የሚባረሩትም አሉ። ዞላ ሁሉንም በታማኝነት ጽፎአቸዋል። የመጨረሻውን የጋብቻ ምዕራፍ አጥብቀው የሚሞግቱት የራሱ የመጽሐፉ ቀደምት ገጾች ናቸው።