ዓመተ ምህረት የሚያዳምጡ ጆሮዎች

ሰውን በዘሩ፣ ዕቃን በዓመተ ምህረቱ መመዘን የቆየ አመል ነው። «የጣሊያን ጊዜ ነው» የተባለ ቁም ሣጥን ወዲያው ሞገስ ያገኛል፤ በሩ ገጥሞ ይዘጋ አይዘጋ የሚጠይቅ የለም። ይህ አመል የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጆቹም ዘንድ አለ። እንዲያውም የቆዩ ባለ ጡሩምባ ስፒከሮችን በሚሰበስቡት ሰዎች መንደር የምርምር ካባ ደርቦ ተቀምጧል። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ዕቃውን ለማያውቅ ጥቂት እንበል። የባለ ጡሩምባ ስፒከር አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ድምፅ አመንጪ በጠባቡ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ድምፁ ቀስ በቀስ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ አልፎ ይወጣል። የእድር ጡሩምባ ነፊ የሰፈሩን ሰው በሙሉ የሚቀሰቅሰው በሳንባው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጡሩምባው ስለሚያግዘው ነው። በ1926 ዌስተርን ኤሌክትሪክ ለሲኒማ አዳራሾች ጡሩምባ ያቀረበው ለጌጥ አልነበረም። የዘመኑ አምፕሊፋየር አቅሙ ጥቂት ዋት ነበር፤ በዚያችው ጥቂት ዋት አዳራሽ መሙላት ግድ ሆነ።

ፖል ክሊፕሽ በ1946 አርካንሳስ ውስጥ ሆፕ በምትባል ትንሽ ከተማ (ቢል ክሊንተን በዚያው ዓመት የተወለደባት ናት) ኩባንያውን ሲያቋቁም ይኸንኑ ሐሳብ ወደ መኖሪያ ቤት አስገባ። የወፍራሙን ድምፅ ጡሩምባ በኮምፔንሳቶ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ሳጥኑን የክፍሉ ጥግ ላይ አስጠጋ፤ የቀረውን ግድግዳዎቹ ጨረሱለት። ክሊፕሽሆርን የተባለው ይህ ስፒከር ዛሬም ይመረታል።

ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰማንያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተመረተ ዕቃ የትኛው ዓመት ይሻላል? ሰብሳቢው ዘፈን ከመክፈቱ በፊት ስፒከሩን ዞሮ ከጀርባው የምርት ቁጥሩን ይፈልጋል። ከዚያ ጀርባውን ከፍቶ የቀጭኑን ድምፅ ማግኔት ያያል፤ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ክብ ከሆነ ፊቱ ይበራል፣ ዋጋውም ይወጣል። አራት ማዕዘን ከሆነ ከንፈሩን ይመጣል። እስካሁን አንድም ድምፅ አልሰማም ልብ በሉ!

እስቲ የክቡንና የአራት ማዕዘኑን ነገር እንመርምረው። ክቡ አልኒኮ ነው፤ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተቀላቀለ። አራት ማዕዘኑ ፌራይት ነው፤ ከብረት ዝገት ዘመድ የሚሠራ፣ ርካሽ። ለውጡ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። «ኩባንያዎቹ ስስታም ሆነው ጥራት ቀነሱ» ይላል የመንደሩ ተረት። እውነቱ ግን ያለው አሜሪካ አይደለም፤ እዚሁ አህጉራችን ውስጥ ነው። በ1978 አማፅያን ከአንጎላ ተነስተው የዛየሯን ሻባ ወረሩ፤ የማዕድን ከተማዋ ኮልዌዚ የጦር ሜዳ ሆነች። ያኔም ቢሆን የዓለምን ገበያ በኮባልት የምትመራው የዛሬዋ ኮንጎ ነበረች። ዋጋው ብዙ እጥፍ ተወረወረ። ጄቢኤል፣ አልቴክ፣ እንግሊዛዊው ታኖይ፣ ሁሉም ተራ በተራ ወደ ፌራይት ዞሩ።

እንግዲህ ያ የተወደደ ዓመተ ምህረት የአንድ ባለሙያ የጥበብ ዘመን ያበቃበት ቀን አይደለም፤ የአንድ ጦርነት ቀን ነው። «ከ78 በፊት የተሠራ ነው» ብሎ የሚኩራራ ሰው ስለ ኮልዌዚ አንድ ቃል ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። የዕቃውን ዕድሜ እስከ ወሩ ያውቃል፤ ዕድሜው ለምን እንደ ተቆጠረ ግን አያውቅም።

ደግሞስ አልኒኮ ይበልጣል? አልኒኮ በድንጋጤ፣ ከልክ በላይ በመጫንም ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። ፌራይት በዚህ በኩል ጠንካራ ነው። ከማግኔቱ ዓይነት ይልቅ በዙሪያው ያለው ብረት እንዴት እንደ ተነደፈ ሚዛን ይደፋል። አምሳ ዓመት በየዕቃ ቤቱ የተንከራተተ አልኒኮ ፋብሪካ እንደ ወጣ ቀን ነው ብሎ መማል አይቻልም።

ስለ ጡሩምባው ማቴሪያልም እንዲሁ ነው። የክሊፕሽሆርን የመካከለኛው ድምፅ ጡሩምባ ለብዙ ዓመታት የብረት ነበር፤ በኋላ በፕላስቲክ መሰል ድብልቅ ተተካ። «ብረቱ ነው እውነተኛው» የሚሉት ራሳቸው፣ ብረቱ ሲመታ እንደ ደወል ስለሚጮህ ጀርባውን ስቱኮ በመሰለ ነገር ይለስኑታል! የብረት ገዝተው ብረትነቱን ያፍኑታል ማለት ነው። ላ ስካላ የተባለው ወንድሙም በ1963 ሲወጣ ሳጥኑ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ኮምፔንሳቶ ነበር። ሰፊ ጎኖቹ ግን አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር። በ2006 በ25 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሲሠራ «እንጨቱን ገደሉት» ተባለ። ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ብሎን ደጋግሞ አይዝም፤ እውነት ነው። ጎኑ ግን ዝም አለ። ከስፒከር ሳጥን የሚፈለገውም ዝም እንዲል ነው።

ዓመቱ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ዓመቱን ያወቀ ሰው ውስጡ ምን መኖር እንዳለበት ያውቃል፤ የተቀየረ ክፍል ይለያል፤ በአታላይ ሻጭ አይሸወድም። የአርባ ዓመት ካፓሲተር ደርቆ ልኩን ሊስት እንደሚችልም ያስታውሰዋል። ብዙዎቹ ግን ሳጥኑን ወልውለውና ቀለም ቀብተው የደከመውን ካፓሲተር «ኦሪጅናል ነው» በማለት ይተውታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለዚህ ነው።

ክሊፕሽ ራሱ እስከ 2002 ኖሯል። ከኮቱ ክፈፍ ሥር ቢጫ ባጅ ነበረው፤ የማይረባ ወሬ ሲሰማ ክፈፉን ገልበጥ ያደርገዋል። የባጁን ቃል እንዳለ ብተረጉመው ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ በጨዋ አማርኛ «ወሬ ነው!» እንደ ማለት ነው። የራሱን ሥራ እየቀያየረና እያሻሻለ የኖረ ሰው ነው። ወዳጆቹ ግን ሥራውን በአንድ ዓመት ላይ ቸነከሩት።

ያረጀን ነገር ማክበር ደግ ነው። ክብሩ ግን ሳይመረምሩ ከመስገድ ሲጀምር፣ ዕቃውም ሠሪውም፣ ከሥር ማዕድኑን የቆፈረውም ይረሳሉ። አሮጌ ስፒከር የምትገዙ ከሆነ ዓመቱን ጠይቁ፤ ከምን እንደ ተሠራም ጠይቁ፤ ለምን እንደ ተቀየረም ጠይቁ። ከዚያ ሻጩን ዝም አሰኝታችሁ የምታውቁትን አንድ ዘፈን ክፈቱ። ገንዘቡን የምትከፍሉት ለሚሰማው ነው።