«ለምን ገደለው?»

አንድ የተወደደ ልብ ወለድ ወይም ተከታታይ ታሪክ ባለቀ ቁጥር የሚሰማ ክስ አለ። «ጥሩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ አበላሸው!» ይባላል። «ለምን ገደለው? ምን አለበት ቢያገናኛቸው?» የሚለውም ይከተላል። ሥነ ጽሑፍ እናውቃለን በምንለው ዘንድ ግን ይህን ክስ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ጥቂት ነው። አንባቢው አልቅሶ ሲመጣ «አንተ ስሜታዊ ነህ፤ ደራሲ ደግሞ ነፃ ነው» ተብሎ ይሸኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንባቢ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴም አይደለም። በአንድ ጩኸት ውስጥ ሁለት ቅሬታዎች ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ አንደኛው «አሳዘነኝ» የሚል ነው፣ ሁለተኛው «አታለለኝ» የሚል። እነዚህን መለየት የሃያሲ ሥራ ነው እላለሁ።

ለመሆኑ አድማጭ በታሪክ መጨረሻ ላይ ድርሻ አለው ወይ? ይህን ጥያቄ አያቶቻችን ከጥንት ጀምሮ መልሰውታል። አንኮበርም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ማታ እሳት ዳር ተረት የሚያወጋ ሰው የሚጨርሰው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ነው። እንግዲህ ተረት ብድር ነው ማለት ነው፤ ሰጪም ተቀባይም አለው። ልጆቹም ጅቡ አህያይቱን በላት ሲባሉ ዝም አይሉም፤ «ኧረ አይሆንም፣ ታምልጥ!» ይላሉ። አያትየዋ እንደ ስሜቷ አንዳንዴ ታስመልጣታለች፤ አንዳንዴም «በልቷታል በቃ፣ ተኙ!» ትላለች። የታተመ መጽሐፍ ግን ይህ ጠባይ የለውም። አንባቢው ሙግቱን ይዞ ብቻውን ይቀራል።

ይህ ሙግት በአገራችን ጎልቶ የወጣው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመስለኛል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ዓመታት ቆይቶ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ክፍል በክፍል ሲተርከው ማንበብ ለማይችለውም ሰው ደረሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ልብ ወለድን በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር እንደ እንግዳ አድሮ ይሄዳል። ክፍል በክፍል የሚጠብቅ ግን ጎረቤታቸው ይሆናል። በመካከሉ ባሉት ቀናት ያስባቸዋል፤ ያማቸዋል፤ ሰብለን ለበዛብህ ይድርለታል። ስለዚህ በዛብህ ሲሞት የሞተው የመጽሐፍ ሰው ብቻ አይደለም፤ አድማጩ በልቡ የደገሰው ሠርግም አብሮ ይፈርሳል። እስከ ዛሬ «ሐዲስ ጨካኝ ነው» የሚል ሰው አለ።

ሐዲስ ግን አላታለለንም። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የሰጡት የስለት ልጅ መሆኑን ገና ከጅምሩ ነግሮናል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ከዘራቸው በታች ለሆነ ሰው እንደማይሰጡም በየምዕራፉ አሳይቶናል። ጉዱ ካሣ ሥርዓቱን ሲነቅፍ «እብድ» ሲባልም አይተናል። ለሁለቱ ወጣቶች ክፍት የነበረው በር ስደት ብቻ ነበር። በዛብህ እዚያው ስደት መንገድ ላይ ቀረ፤ ሰብለ በሞት አፋፍ ላይ ደረሰችለት፤ ከዚያም መነኮሰች። ደግሞስ ሽፋኑ ላይ «መቃብር» የሚል ቃል ተጽፎ እያየን ሠርግ የጠበቅን እኛ አይደለንም ወይ? ያሳዝናል፤ ቢሆንም ዕዳው ሁሉ ተከፍሏል። ያ መጽሐፍ በሠርግ ቢያልቅ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር «አታለለን» ማለት።

በውጭው ዓለምም አንባቢ ተነሥቶ ያውቃል። ብሪታንያዊው ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስ በሚባለው መርማሪ ሰልችቶት እ.ኤ.አ. በ1893 በስዊዘርላንድ ፏፏቴ ገደል ጨመረው። ደራሲው ሌላ፣ የበለጠ ከባድ ነው ያለውን ሥራ ሊሠራ ፈልጎ ነበር። አንባቢዎች ተቆጡ፤ ታሪኩን ያወጣ የነበረውን መጽሔት የተዉም ብዙ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ሆምስ «ለካስ አልሞተም» ተብሎ ተመለሰ። አንባቢው አሸነፈ እንበል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። የሆምስ ሞት የመነጨው ከታሪኩ ሳይሆን ከደራሲው መሰልቸት ነበር፤ ስለዚህም በቀላሉ ተሰረዘ። በዛብህን «አልሞተም» ብሎ ማስነሣት ማን ይችላል? መጽሐፉ ራሱ ይፈርሳል።

ከቅርቡ ደግሞ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን እንውሰድ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ስንቱን ተማሪ እንቅልፍ የነሣ ድራማ ነው። ስምንተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ በ2019 እ.ኤ.አ. ስድስት ክፍል ብቻ ሆኖ ሲወጣ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው «እንደገና ይሠራ» ብሎ ፈረመ። ብዙዎች ያ ሕዝብ ደስ የሚል መጨረሻ የፈለገ መስሏቸው ሳቁበት። ነገር ግን ተመልካቹ ለዓመታት ጥሩ ሰዎች ሲታረዱ እያየ ያልሸሸ ነው። ሞት አላስፈራውም። ንግሥቲቱ ከተማይቱን ማቃጠሏም ባልከፋ፤ ለዓመታት የተገነባ ሰው በሁለትና በሦስት ክፍል ተገለባበጠ። ይህ ነው «አታለለኝ» የሚያሰኘው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የራሳችን አካባቢ መጽሐፍ ነው። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው። በ1962 ዓ.ም. ያወጣው «አደፍርስ»ም ታሪኩ እዚሁ፣ ከጣርማበር ቁልቁል፣ በአርማንያና በደብረ ሲና ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አደፍርስ ከባላባቷ ከወይዘሮ አሰጋሽ ጀምሮ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ይሟገታል። በመጨረሻ በተማሪዎች ረብሻ መካከል በተወረወረ ድንጋይ ተመትቶ ይሞታል። ይኸው ነው! «ድንጋዩ ከየት መጣ? ያን ሁሉ ገጽ ያነበብነው ለዚህ ነው?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። «ሳይደፈርስ አይጠራም» ይባላል፤ በስሙ ተስበን የመጣን አንባቢዎች ከመደፍረሱ በኋላ መጥራቱን እንጠብቃለን፤ ደራሲው ግን መጥራቱን ከለከለን።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ ነበር። ያን ወር ያየ የዚህ አገር አንባቢ «ሞት ምክንያቱን ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ሕይወት ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለባትም፤ ደራሲ ግን አለበት እላለሁ። ዳኛቸውም ምክንያቱን ሰጥቷል ባይ ነኝ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ንግግር ነው። ሁሉም ይናገራል፤ ሁሉም የራሱን ይዞ ይነሣል። አደፍርስ ያወቀውን ይናገራል፣ የአገሩ ሰው ደግሞ በተረትና በምሳሌ ይመልስለታል፣ ማንም ማንንም አይለውጥም። ቃል እንዲህ ከንቱ በሆነበት መጽሐፍ የመጨረሻው ነገር ቃል ሊሆን አይችልም። ድንጋዩ ድንገት የመጣ የሚመስለን፣ እኛም እንደ አደፍርስ የምንናገረውን እንጂ የሚሰማንን ሰው ስለማናይ ነው። ተምረን ወደየወረዳችን ለመመለስ የምንዘጋጅ ሰዎች ይህ መጨረሻ ካልተዋጠልን፣ የጠላነው አጨራረሱን ነው ወይስ ዕጣውን? ይህን እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

ስለዚህ «ለምን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። አንባቢ ይጠይቅ፤ ግን መልሱን መጀመሪያ ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ይፈልግ። እዚያ ካገኘው ያልቅስና ደራሲውን ያመስግን። ካጣው ደግሞ ደራሲው የፈለገውን ያህል ስመ ጥር ቢሆን አፉን በዳቦ የማበስ ግዴታ የለበትም። በ«አደፍርስ» ላይ የሚሞግተኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።